አልኮል አልባ የእጅ መጥረጊያ እርጥብ ሶፍት በመጠለያና በእርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያዎች፤ ጥቅሙ፣ ወሰኑና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በድርቅ ምክንያት ቀዬአቸውን የለቀቁ ወገኖች በአንድ ጣቢያ ሲሰበሰቡ የመጀመሪያው ጠላት ረኃብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከእጅ ወደ አፍ የሚሻገር በሽታ መሆኑን በመስኩ የተሰማራ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. በኮረም፣ በባቲና በሌሎችም መጠለያዎች ከረኃቡ ጎን ለጎን ተቅማጥ፣ ኩፍኝና ተስቦ የብዙ ወገኖችን ሕይወት ቀጥፈዋል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ የታየው የኮሌራ ወረርሽኝም ድርቅ ወዳደቀቃቸው የኦሮሚያና የሶማሌ ክልል ወረዳዎች ተሻግሮ ነበር። በሁለቱም ዘመን የጤና ባለሙያው የሰጠው ምክር አንድ ነው፤ እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። በሁለቱም ዘመን የገጠመው ችግርም አንድ ነው፤ ምክሩ በሚሰጥበት ቦታ ውሃው የለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ተብለው በቅርብ ዓመታት ከሚላኩት ዕቃዎች አንዱ በፕላስቲክ ከረጢት ወይም በክብ ጣሳ የታሸገው አልኮል አልባ የእጅ መጥረጊያ ነው። ሕዝቡ በተለምዶ እርጥብ ሶፍት ስለሚለው በዚህ ጽሑፍም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ዕቃው ትንሽና ርካሽ መስሎ ስለሚታይ ከእህል፣ ከዘይትና ከብርድ ልብስ ጋር በአንድ የጭነት መኪና ይደርሳል፤ ስለ አጠቃቀሙ ግን ብዙ ጊዜ አንድም መመሪያ አይከተለውም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የጣቢያ ኃላፊዎች፣ የመጋዘን ሠራተኞችና የመስክ ረዳቶች ዕቃውን በተገቢው ቦታ ብቻ እንዲያውሉት ለመርዳት ነው።

ምንነቱና አሠራሩ

እርጥብ ሶፍት ከተፈጥሮ ወይም ከሰው ሠራሽ ጭረት የተሠራ ስስ ጨርቅ ሆኖ በተሕዋስያን ገዳይ ፈሳሽ የራሰ ነው። አልኮል በሌለው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለው ኬሚካል ሲሆን፣ ለእጅ በተዘጋጁት ውስጥ መጠኑ ከ0.1 እስከ 0.13 በመቶ ገደማ ነው። ኬሚካሉ አዲስ አይደለም፤ ጀርመናዊው ሐኪም ጌርሃርድ ዶማክ እ.ኤ.አ. በ1935 ለሕክምና አገልግሎት ካስተዋወቀው ጀምሮ በየሆስፒታሉ ሲሠራበት ቆይቷል። የሚሠራውም እንደሚከተለው ነው። የኬሚካሉ ቅንጣት አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፤ የባክቴሪያው ሽፋን ደግሞ አሉታዊ ነው። በመሆኑም ቅንጣቱ በሽፋኑ ላይ ተለጥፎ ይሸነቁረዋል፤ የባክቴሪያው የውስጥ አካልም ይፈስሳል።

ከዚህ አሠራር የሚከተል አንድ ነገር በጥብቅ መታወስ አለበት። ኬሚካሉ የሚለጠፈው በባክቴሪያ ላይ ብቻ አይደለም፤ በጭቃ፣ በቅባት፣ በደም፣ በዓይነ ምድርና በሳሙና ቅሪት ላይም ይለጠፋል። በእነዚህ ከተያዘ በኋላ ለባክቴሪያው የሚተርፍ ኃይል አይኖረውም። እጁን በሳሙና አሽቶ በውሃ እጥረት ሳቢያ በደንብ ሳያለቀልቅ በእርጥብ ሶፍት የሚጠርግ ሰው ሁለቱን ነገሮች እርስ በርስ ያጣፋል ማለት ነው። ይህ በእርዳታ ጣቢያዎች በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ነው፤ የሚፈጸመውም በቸልተኛ ሰው ሳይሆን ይበልጥ ለመጽዳት በሚጥር ሰው ነው።

አልኮል አልባው ለምን እንደሚመረጥ

አልኮል ያለበት ሳኒታይዘር ፈጥኖ የሚገድልና ሰፊ ኃይል ያለው መሆኑ አያከራክርም። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል ሳሙናና ውሃ በሌለበት ጊዜ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለበትን እንድንጠቀም ይመክራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በጤና ተቋማት ውስጥ 80 በመቶ ኤታኖል ወይም 75 በመቶ አይሶፕሮፓኖል ያለበትን ቅንብር በአገር ውስጥ ማዘጋጀት የሚቻልበትን ዘዴ አውጥቷል። ይሁንና አልኮል እሳት ይስባል፤ በድንኳን ውስጥ ምግብ በሚበሰልበት መጠለያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአውሮፕላን ሲጫን እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቆጠር መጓጓዣውን ያከብደዋል። ሰው ሊጠጣውም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በግንቦትና በሰኔ በአሜሪካ የአሪዞናና የኒው ሜክሲኮ ግዛቶች ሜታኖል የተባለ መርዝ የተቀላቀለበት ሳኒታይዘር ከጠጡት 15 ሰዎች ውስጥ 4ቱ ሞተዋል፤ ከተረፉትም ውስጥ 3ቱ የዓይን ጉዳት ይዘው ከሆስፒታል ወጥተዋል።

የሃይማኖት ጉዳይም አለ። በአፋርና በሶማሌ አካባቢዎች፣ በሌሎችም ሙስሊም ወገኖች በሚበዙባቸው ጣቢያዎች አንዳንድ ተረጂዎች አልኮል ያለበትን ነገር በቆዳቸው ላይ ማሳረፍ አይፈቅዱም። ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንት ለመድኃኒትነትና ለንጽሕና ማዋሉን ቢፈቅዱም፣ ከጣቢያው ሠራተኛ የሚጠበቀው በጉዳዩ መከራከር ሳይሆን ከአካባቢው የሃይማኖት አባቶች ጋር አስቀድሞ መመካከርና አማራጭ ማቅረብ ነው። አልኮል አልባው ዓይነት የተሰነጠቀ እጅን ብዙ አያቃጥልም፤ ይህም እንጨት ሲሰብርና ድንጋይ ሲሸከም ለሚውል ሰው ዋጋ አለው።

እንግዲህ ምርጫው ምክንያት አለው። ነገር ግን አደጋ የሌለበት ማለት ኃይል ያለው ማለት አይደለም።

ኃይሉ የሚያበቃበት ወሰን

ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ በብዙ ዓይነት ባክቴሪያዎችና በቅባት ሽፋን በተሸፈኑ ቫይረሶች ላይ ይሠራል። ሽፋን የሌላቸውን፣ እንደ ኖሮቫይረስ ያሉትን የተቅማጥና የትውከት ቫይረሶች ለማጥፋት ግን አይታመንም። እንደ ጃርዲያና ክሪፕቶስፖሪዲየም ያሉ ጥገኛ ተሕዋስያን የሚለብሱትን ጠንካራ ቅርፊት አይሰብርም፤ የባክቴሪያ ዘሮችንም አይገድልም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ያለ ውሃ በእጅ ላይ የሚደረጉ የጀርም መግደያዎችን በሚመለከት ባወጣው የመጨረሻ ደንብ 28 ንጥረ ነገሮችን ተቀባይነት ሲነሳ፣ በቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ላይ ግን ተጨማሪ መረጃ እስኪቀርብ ውሳኔውን አሳድሮታል። ይህ ውሳኔ ኬሚካሉን አልከለከለም፤ ሙሉ ምስክርነትም አልሰጠውም።

የእከክ ነገር ተለይቶ መጠቀስ አለበት። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች እከክ በስፋት ተዛምቶ እንደነበር ይታወሳል። እከክ የሚመጣው ከቆዳ ሥር በምትገባ ጥቃቅን ተባይ ስለሆነ እርጥብ ሶፍት አያድነውም፣ አይከላከለውምም። የቆሰለውን ቆዳ በኬሚካል መጥረግ ሕመሙን ከማባባስ በቀር ጥቅም የለውም።

ሳሙናና ውሃ ከዚህ ሁሉ የሚለዩበት ምክንያት ቀላል ነው። ሳሙና ጀርሙን መግደል አይጠበቅበትም፤ ከቆዳው አላቆ ከቆሻሻው ጋር ወደ መሬት ይጥለዋል። የጀርሙ ዓይነት ምንም ይሁን ምን ከእጅ ላይ ከሄደ ሄዷል። ገበሬው ከማሳ፣ አርብቶ አደሩ ከበረት፣ እናት ሕፃኗን ከመጥረግ ስትመለስ በእጃቸው ላይ ያለው አፈር፣ ቅባትና ዓይነ ምድር ነው፤ ይህ ደግሞ ኬሚካሉ ተውጦ የሚቀርበት ሁኔታ መሆኑን ከላይ አይተናል። ስለሆነም እርጥብ ሶፍት ሊረዳ የሚችለው የሚታይ ቆሻሻ በሌለበት እጅ ላይ ነው። በድርቅ ጣቢያ እንዲህ ያለ እጅ የማን እንደሆነ አንባቢው ራሱ ይገምት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሠራተኛው እንጂ የተረጂው አይደለም።

ውሃን በሶፍት የመተካት ስሌት

አንዳንድ ጊዜ በዕቅድ ስብሰባ ላይ የውሃ ቦቴ ኪራይ ስለተወደደ በምትኩ እርጥብ ሶፍት ይታደል የሚል ሐሳብ ይነሣል። ሐሳቡን በቁጥር መመርመር ይጠቅማል። 1,000 ቤተሰብ፣ በአማካይ 5 ሰው ያለበት፣ ማለትም 5,000 ሕዝብ የሰፈረበትን ጣቢያ እንውሰድ። እጅ የግድ መጽዳት ያለበት ከመጸዳጃ በኋላ፣ ሕፃን ከጠረጉ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት በፊት፣ ከመብላት በፊትና ሕፃን ከመመገብ በፊት ነው። በነፍስ ወከፍ በቀን 5 ጊዜ ብንይዝ 25,000 ሶፍት በቀን፣ 750,000 ሶፍት በወር ያስፈልጋል። ባለ 100 ፍሬ ጣሳ ከሆነ 7,500 ጣሳ ነው። ያን ሁሉ ማጓጓዝ፣ ማከማቸትና ከአገልግሎት በኋላ የሚቀረውን ጨርቅ ማስወገድ የጣቢያው ዕዳ ይሆናል።

በሌላ በኩል በሰብዓዊ እርዳታ ዘንድ ተቀባይነት ያለው የስፊር መመዘኛ ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም የገላ ሳሙና ይመድባል። ለ5,000 ሰው 1,250 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ይህን አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ሳይሞላ ይወስደዋል። ውሃውስ? በተበሳ ጀሪካን ወይም በጆግ እየተንቆረቆረ ለአንድ ጊዜ መታጠቢያ ግማሽ ሊትር ቢፈቀድ ለአንድ ሰው በቀን 2.5 ሊትር፣ ለጣቢያው 12,500 ሊትር ይሆናል። 10,000 ሊትር ለሚይዝ ቦቴ አንድ ምልልስና ሩብ ማለት ነው። ይኸው መመዘኛ ለመሠረታዊ ንጽሕና ብቻ በነፍስ ወከፍ በቀን ከ2 እስከ 6 ሊትር፣ ለሁሉም አገልግሎት በጠቅላላው 15 ሊትር ስለሚይዝ የጠየቅነው ትርፍ አይደለም። ቦቴው ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቦቴው ወጪ የሚታይ፣ የተቅማጡ ወጪ ደግሞ በሌላ መሥሪያ ቤት ሒሳብ የሚመዘገብ ስለሆነ ብቻ ርካሹ የቱ እንደሆነ መሳት የለብንም።

በሕዝባችን ዘንድ የቆየው የእጅ ማስታጠብ ልማድ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው። አስተናጋጁ በጆግ ያንቆረቁራል፣ ሳፋው ያገለገለውን ውሃ ይቀበላል፣ የሁለት ሰው እጅ በአንድ ውሃ ውስጥ አይነከርም። በብዙ ጣቢያ ውሃ ለመቆጠብ ሲባል የሚደረገው፣ ማለትም ሃያ ሰው በአንድ ሳፋ ውስጥ እጁን እየነከረ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ከልማዱ የባሰ ነው። ጀሪካኑን በሁለት ምሰሶ መካከል ሰቅሎ በእግር በሚረገጥ ገመድ እንዲያዘነብል ማድረግ ልማዱን ያለ አስተናጋጅ መቀጠል ነው። የተከተፈ ሳሙና ወይም የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በውሃ በጥብጦ በጠርሙስ ማስቀመጥ ሳሙናው እንዳይሰረቅና እንዳይባክን ይረዳል። ሳሙና እስኪደርስ ድረስ አመድ ለማሸት ሲመከር ቆይቷል፤ በውሃ እስከተለቀለቀ ድረስ ከምንም ይሻላል።

በመጋዘን የሚደርስ ጉዳት

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የእርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያ ያጋጠመውን መግለጽ ለጉዳዩ ይጠቅማል። በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ የተቀመጡ የእርጥብ ሶፍት ጣሳዎች ክዳናቸው ሳይገጠም በመቆየቱና በሙቀቱ ምክንያት ደርቀው ተገኙ። የመጋዘኑ ጠባቂ ዕቃው እንዳይባክን በማሰብ ከጀሪካን ውሃ እየቀዳ በየጣሳው ጨምሮ ክዳናቸውን ገጠመ፤ ሶፍቱም እንደገና ራሰ። ጣሳዎቹ ሕፃናትን ለሚመዝኑ ረዳቶች እንዲታደሉ የወጪ ሰነዱን የፈረመው የጽሑፉ አቅራቢ ራሱ ነበር፤ እርጥብ መሆናቸውን አይቶ ሌላ አልጠየቀም። ከቀናት በኋላ አንዲት ረዳት ሶፍቱ መሽተት መጀመሩን ስትናገር ነው ነገሩ የታወቀው። በእነዚያ ቀናት በዚያ እጅ የተነካ ሕፃን ታሞ እንደሆነ ለማጣራት የሚያስችል መዝገብ አልነበረም።

ጠባቂው የሠራው ስሕተት ከዕውቀት ማነስ እንጂ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ አደጋው ግን ከባድ ነው። ውሃው የኬሚካሉን ኃይል ያቀጥነዋል፤ ከዚያም በቀጠነው ፈሳሽ ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ሱዶሞናስና ቡርክሆልደሪያ ሴፓሲያ የተባሉት ጥቂት ምግብና እርጥበት ካገኙ በቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ፈሳሽ ውስጥ ሳይቀር ሊራቡ እንደሚችሉ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። የሠራተኛን ጤናማ እጅ ብዙ አይጎዱ ይሆናል፤ በረኃብ የተዳከመ ሕፃን፣ ቁስል ያለበት ሰው፣ አዲስ የወለደች እናት ግን ሌላ ነገር ነው። ጥፋቱ በፋብሪካ ደረጃም የሚደርስ መሆኑን የኖርዌይ ሆስፒታሎች ያሳያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 በዚያ አገር የታየ ሰፊ የሱዶሞናስ ወረርሽኝ ምንጩ ለበሽተኞች ገላ መጥረጊያ የሚውል፣ ተሕዋስያን ገዳይ ያልገባበት እርጥብ ሶፍት ሆኖ ተገኝቷል። እርጥብ መሆን ብቻውን የንጽሕና ማረጋገጫ አይደለም።

ስለዚህ የደረቀ ሶፍት ይወገዳል እንጂ አይራስም። ውሃም፣ አረቄም፣ በረኪናም፣ የሌላ ጣሳ ፈሳሽም አይጨመርበትም። ጣሳው ባዶ ሲሆን በሌላ ሶፍት አይሞላም። መጋዘኑ ጥላ ያለበትና አየር የሚዘዋወርበት ሆኖ ካርቶኖቹ ከጣራው ቆርቆሮና ከግድግዳው ርቀው በርብራብ ላይ ይደረደራሉ፤ የአገልግሎት ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈው ቀድሞ ይወጣል። ጣሳ የተከፈተበት ቀን በእስክሪብቶ ይጻፍበት። ከሁሉም አስቀድሞ ግን ለመጋዘን ጠባቂው ምክንያቱ ይነገረው፤ «አትንካ» ከሚለው ትእዛዝ ይልቅ ምክንያቱን የሰማ ሰው ይጠነቀቃል።

የሚመሳሰሉ ጣሳዎች

ሁለተኛው የመጋዘን አደጋ የዕቃ መመሳሰል ነው። ለጠረጴዛ፣ ለአልጋና ለበር እጀታ ማጽጃ የሚዘጋጀው እርጥብ ሶፍት በመልክም በጣሳም ከእጁ ሶፍት ጋር ይመሳሰላል። በውስጡ ያለው ኬሚካል ግን ለቆዳ ያልተዘጋጀ፣ አንዳንዱም ብርቱ የሆነ፣ በረኪና ወይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጭምር ያለበት ነው። በቆዳ ላይ ሽፍታና ቃጠሎ፣ በዓይን ላይ ጉዳት ያስከትላል። መግለጫው በውጭ ቋንቋ ስለሚጻፍ የመስክ ሠራተኛው መለየት አይችልም። ካርቶኑ ሲራገፍ መግለጫውን ማንበብ የሚችል ሰው ተገኝቶ ሁለቱን በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ፣ በእያንዳንዱ ጣሳም ላይ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ «የእጅ» ወይም «የዕቃ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ያስፈልጋል። ማንበብ ለማይችሉ የእጅና የጠረጴዛ ሥዕል ይበቃል። የሕፃናት መቀመጫ መጥረጊያ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ በአብዛኛው ጀርም ገዳይ የለውም፤ ለእጅ ማጽጃነት ሊታመን አይገባም።

ትክክለኛው አጠቃቀም

ሠራተኛው በመጀመሪያ እጁን ይመልከት። ጭቃ፣ ቅባት፣ ደም ወይም ሌላ የሚታይ ነገር ካለበት ሶፍቱን ትቶ ውሃና ሳሙና ይፈልግ። እጁ ለዓይን ንጹሕ ከሆነ ከጣሳው የመጀመሪያውን ሶፍት ጫፉን ብቻ ይዞ ይሳብ፤ ጣቱን ወደ ጣሳው ውስጥ አይክተት፤ ክዳኑንም ወዲያው ይግጠም። መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ በጣቶቹ መካከል፣ አውራ ጣቱንና ጥፍሮቹን አዳርሶ ይጥረግ። ቆዳው በመግለጫው ላይ ለተጻፈው ጊዜ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ሶፍቱ ይህን ያህል የማያረጥብ ከሆነ ደርቋልና ይጣል። ከዚያ እጁ በራሱ ይድረቅ፤ በነጠላ ወይም በሱሪ ላይ አይጠረግ፣ በውሃም አይለቅለቅ። አንድ ሶፍት ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። እጁን በጠረገበት ሶፍት ጠረጴዛውን፣ ከዚያም የሕፃኑን ፊት የሚጠርግ ሠራተኛ ቆሻሻውን አዘዋወረው እንጂ አላጸዳውም።

እንጀራም ሆነ ገንፎ በእጅ ለሚበላ፣ ወይም ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን የፕላምፒ ነት ከረጢት ለሚከፍት ሰው እጁ ፈጽሞ እስኪደርቅ መቆየቱ የግድ ነው፤ ኬሚካሉ ለአፍ አልተሠራም። በዚሁ ምክንያት ማንኪያ፣ ኩባያ፣ የሕፃን ጡጦና የእናት ጡት በዚህ ሶፍት አይጠረግም። በዓይን አካባቢ፣ በቁስልና በተላጠ ቆዳ ላይም አይደረግም። እጁ የሚያሳክከው ወይም የሚቀላ ሠራተኛ መጠቀሙን ያቁም፤ በአንዳንድ ሶፍቶች ውስጥ ፈሳሹ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የተባለው ንጥረ ነገር በብዙ ሰዎች ላይ የቆዳ አለርጂ የሚያመጣ ነው።

ሕፃናት ሶፍቱን እንደ መጫወቻ ይወዱታል፤ ጣሳው ከእነርሱ በራቀ ቦታ ይቀመጥ፤ ትንንሽ ልጆች በአዋቂ እጅ እንጂ በራሳቸው አይጠቀሙበት። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ቢገባ ለ15 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ሕፃን ሶፍቱን ቢያኝክ ከአፉ አውጥቶ አፉን ማጠብና ጣሳውን ይዞ ወደ ጤና ኬላ መሄድ ይገባል፤ ለማስመለስ አይሞከር። እርጥብ ሶፍት በሚታደልበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ለዚህ ብቻ መቀመጥ አለበት። ውሃ የለም ተብሎ የመጣው ዕቃ ራሱ ያለ ውሃ አይታደልም ማለት ነው፤ ነገሩ የሚያስገርም ቢመስልም ሐቁ ይኸው ነው።

ተገቢው ቦታው

ሶፍቱ እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው በጉዞ ላይ ለሚገኝ ሾፌርና ጭነት አጃቢ፣ በወረፋ ፊት ተቀምጦ መታወቂያና ካርድ ለሚቀበል መዝጋቢ፣ የሕፃናትን ክንድ በመለኪያ ሪቫን ለሚለካ ረዳት ነው። ረዳቱ ከአንድ ሕፃን ወደ ሌላው ሲሻገር ለመታጠብ መነሣት አይችልም፤ እጁም አብዛኛውን ጊዜ የሚታይ ቆሻሻ የለበትም። እርሱም ቢሆን በየዕረፍቱ በሳሙና መታጠብ አለበት።

በኮሌራ ሕክምና ማዕከል ግን ቦታ የለውም። የኮሌራ ባክቴሪያ በኬሚካሉ የሚሞት ቢሆንም የሚመጣው ከዓይነ ምድርና ከትውከት ጋር ነው። በዚያ የሚያስፈልገው ሳሙናና ውሃ፣ ሳሙና ከጠፋም 0.05 በመቶ የክሎሪን ውሃ ነው። ይህም 70 በመቶ ጥንካሬ ካለው የክሎሪን ዱቄት 7 ግራም ያህል በ10 ሊትር ውሃ በመበጥበጥ፣ ወይም 5 በመቶ ከሆነ በረኪና 100 ሚሊ ሊትር ወስዶ በውሃ 10 ሊትር በማድረስ ይዘጋጃል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጥ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይ ይራቅ፤ «አይጠጣም» የሚል ምልክት ይደረግበት።

ያገለገለው ሶፍት ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ አይጣልም። አብዛኛው ከፕላስቲክ ጭረት ስለሚሠራ አይበሰብስም፤ ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ይሞላዋል፤ ቆይቶም የሚመጠጥ ከሆነ ቱቦውን ይዘጋል። ክዳን ያለው በርሜል ከእያንዳንዱ ማደያ ጎን ይቀመጥና የተጠራቀመው በጣቢያው የቆሻሻ ጉድጓድ ይቀበር ወይም በማቃጠያ ይቃጠል። በየሜዳው ከተጣለ ሕፃናት ያነሡታል፣ ፍየልም ትበላዋለች።

ለእርዳታ ሰጪዎች በሚላክ የዕቃ ጥያቄ ላይ «የእጅ ማጽጃ ሶፍት» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ለእጅ ቆዳ የተዘጋጀ መሆኑ፣ የንጥረ ነገሩ ስምና መጠን በመቶኛ፣ በቆዳ ላይ የሚቆይበት ጊዜ፣ የተመረተበትና የሚያልፍበት ቀን፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ እንዲቀመጥ የሚፈቀድበት ከፍተኛ ሙቀት ተዘርዝሮ ይጠየቅ። ትልቅ ጣሳ ከሚላክ ይልቅ ለየብቻ የታሸገ ወይም ባለ ጥቂት ፍሬ ከረጢት ይመረጣል፤ ቶሎ ስለሚያልቅ አይደርቅም። የታደለበት ቦታና የምርት መለያ ቁጥሩ በወጪ ሰነዱ ላይ ይመዝገብ፤ አንድ ቀን ዕቃው ተበላሽቷል የሚል ማስታወቂያ ቢመጣ ጣሳው በማን እጅ እንዳለ ማወቅ የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው። በዚያው የጥያቄ ወረቀት ላይ፣ ከሶፍቱ በላይ ባለው መስመር፣ ለአንድ ሰው በወር 250 ግራም ሳሙናና ክዳን ያለው ባለ ቧንቧ የውሃ መያዣ ይጻፍ።